ለካፒቴኑ ቆንጆ ባቡር ስመርጥ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። አራተኛ ክፍል ደርሼ ነበር፤ ጦርነቱ መጣና ትምህርት ቤቱ የወታደር ማደሪያ ሆነ፣ እኔም እዚያው አራተኛ ክፍል ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍሁት ነገር ቢኖር ወንዝ ዳር ውሃ ስቀዳ ጭቃው ላይ በጣቴ ስሜን ነው፤ እሱንም ሰው ሲመጣ በእግሬ አጠፋዋለሁ። ዓይን አፋር ነኝ። አንድ ሰው ቀና ብሎ ካየኝ የተሸከምሁት እንስራ ይከብደኛል፤ ሁለት ሰው ካየኝ ይወድቃል። እናቴ በእኔ የተነሣ ስንት እንስራ እንደገዛች እሷው ትናገር።

ይህን የምጽፈውም ወድጄ አይደለም። የባቡሩ ወሬ ከደብረ ማርቆስ አልፎ አምበር ገብቷል አሉ። አምበር ሲገባ ደግሞ እኔ ባቡር ለሚባል ሰው ተድሬ ባሕር ማዶ ልሄድ ነው ሆኗል። ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ከማስረዳ ተቀምጬ ብጽፈው ይሻለኛል፤ ወረቀት ዓይን የለውም።

ነገሩ የጀመረው በታላቅ ወንድሜ ነው። በሬ ልግዛ ብሎ አምበር ገበያ ወረደ፤ ሲመለስ የጣሊያን ወታደሮች መንገድ ላይ ያዙት። የመንገድ ፈቃድ አልያዘም።

“የት ነበርህ?” አሉት።

“በሬ ልገዛ።”

“በሬው የታለ?”

“አላማረኝም።”

ጫካ ላሉት አርበኞች ስንቅ አድርሶ የሚመለስ ነው ብለው ምሽጉ ውስጥ ቆለፉበት። ወንድሜን የሚያውቅ ሰው ቢጠይቁ ኖሮ፣ እውነቱን እንደተናገረ ይነግራቸው ነበር፤ እሱ በሬ አይቶ አምሮት አያውቅም። ግን ማን ይጠይቃል? ከፋሲካ በኋላ እስረኞቹን በካሚዮን ጭነው ከዓባይ ማዶ ቆላው ውስጥ መንገድ ሊያስቆፍሯቸው ነው ተባለ። ስለሄደው ሰው ብዙ ይወራል፤ ስለተመለሰ ሰው ግን የሚያወራ አልሰማሁም። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ መጨመር ጀመረች፤ እኔም ዝም ብዬ መብላት ጀመርሁ።

ጠዋት ጠዋት ቆሎ በሙዳይ ይዤ ምሽጉ በር ላይ እሰለፋለሁ። ሰልፉ እናቶች ብቻ ናቸው፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ከመሐላቸው እቆማለሁ። አንድ ጠዋት የምሽጉ አዛዥ ካፒቴን በዚያ ሲያልፍ ድንገት ቆመና ሙዳዩን ከእጄ ወሰደው። ‘አለቀልኝ፤ ቆሎ መከልከሉን ሳልሰማ ቀርቻለሁ’ አልሁ በልቤ። እሱ ግን ቆሎውን አላየም። ክዳኑ ላይ የሰፋኋትን ዶሮ እያገላበጠ ያያል።

“ማን ነው የሰፋው ይላል” አለ ከጎኑ የቆመው አስተርጓሚ።

ነጠላዬን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

“ዲዳ ናት እንዴ?” ሲል፣ ሴቶቹ ሁሉ “እሷ ናት! እሷ ናት!” ብለው ከኋላ ገፉኝ። ዶሮ የሰረቅሁ እንጂ ዶሮ የሰፋሁ አልመስልም ነበር።

ወደ ቢሮው አስገቡኝ። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ተሰቅሎበታል። ቅዱሳን መስለውኝ ልሳለም ጠጋ ስል ባቡሮች ናቸው። እኔ ባቡር አይቼ አላውቅም፤ ለእኛ ባቡር ማለት ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለ ወሬ ነው። እነዚህ ግን ከነጭሳቸው ግድግዳው ላይ ቆመዋል። ካፒቴኑ በእጁ እያመለከተ መናገር ጀመረ። ፊቱ እንደ ሙሽራ አባት በራ።

“አባቱ ባቡር ነጂ ነበር ይላል” አለ አስተርጓሚው። “አገሩ ተራራ ነው ይላል። ትልቁን ባቡር አልወደውም፤ እሱ ሜዳ ለሜዳ የሚሄድ ሰነፍ ነው ይላል። እነዚህ ሐዲዳቸው ጠባብ ነው፣ ትልቁ የማይደርስበት ገደል ላይ ይወጣሉ ይላል። በእንፋሎት ነው የሚሄዱት ይላል።” ይህ አስተርጓሚ በየነገሩ መጨረሻ “ይላል” እያለ ራሱን ከነገሩ ያወጣል። ብልህ ሰው ነው።

ከዚያ ካፒቴኑ አራት ሥዕሎች ከግድግዳው አውርዶ እጄ ላይ ደረደራቸው። አገሩ ላሉት እናቱ ስፌት መላክ ይፈልጋል። ክዳኑ ላይ ከአራቱ ቆንጆዋ ባቡር እንድትሰፋበት ነው። እሱ መምረጥ አቅቶታል፤ ልጆቹን አበላልጥ የተባለ ያህል ይጨንቀዋል። ወታደሮቹን ቢጠይቅ “እርስዎ ያሏት” ይሉታል። ስለዚህ ባቡር አይቶ የማያውቅ ዓይን ይምረጥልኝ ይላል። ለሆሣዕና ዋዜማ ሰፍቼ እንዳመጣ።

አስተርጓሚው እስከ በሩ ሸኘኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እህቴ፣ ወንድምሽ እዚህ እንዳለ ነግሬዋለሁ። ካማረው ይለቅልሻል።”

“ካላማረውስ?” አልሁ። በዚያ ቀን ከአፌ የወጣ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

“እሱን አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁም።”

“የቷን ነው የሚወዳት? እርስዎ አላስተዋሉም?”

“ስንት ጊዜ አስተዋልሁ መሰለሽ። ግን ሸውራራ ነው፤ አንዱ ዓይኑ አንዷን ሲያይ ሌላው ሌላዋን ያያል።”

እንግዲህ የወንድሜ ነፍስ በአራት ባቡሮች መሐል ተንጠልጥላ ቤት ገባሁ።

ሥዕሎቹን መደቡ ላይ ዘረጋኋቸው። አንዷ ረዥም ናት፤ ከአፍንጫዋ ሥር አጥር የመሰለ የብረት ርብራብ ወደ ፊት ወጥቷል። አንዷ ግራና ቀኝ የውሃ ጋን ተሸክማለች፤ ከገበያ የተመለሰች አጋሰስ ትመስላለች። አንዷ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሁለት ራስ አላት፤ ወዲህም ፊት፣ ወዲያም ፊት፣ ጭስ ማውጫዋም በሁለቱም በኩል። አራተኛዋ ትንሽ ናት። አንገቷ ቀጥ ብሎ የረዘመ፣ ገደል ይዛ ስትጠመዘዝ ጭሷ እንደ ነጠላ ጫፍ ወደ ኋላ የተጣለ።

ጋሼ ደረሰ። ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የበቅሎ አፍ እየከፈተ የኖረ የበቅሎ ነጋዴ። ሥዕሎቹን እንዳነሣ የመጀመሪያ ቃሉ፣ “ጥርሷ የታለ?” የሚል ነው።

“ጋሼ፣ ብረት እኮ ናት።”

“ብረትም ቢሆን ዕድሜ አለው።” ባለአጥሯን ወደ ብርሃን አስጠጋና ርብራቡን በጥፍሩ ነካካው። “ይኸውልሽ ጥርሷ! እንዲህ ረዝሞ ወደ ፊት የወጣ ጥርስ የአሮጊት ነው። ይቺን ለሰውየው እናት ብትልኪ አሮጊት ለአሮጊት ላክሽ ማለት ነው። ስድብ ነው፤ ወንድምሽን ያስገድልሻል።”

ቀጥሎ የተጫነችውን “ጀርባዋ ይላጣል” ብሎ አስቀመጣት። ባለሁለት ራሷን ይዞ ግን ቆየ።

“ይቺ ወደየት ነው የምትሄደው?”

“እንጃ ጋሼ።”

“እንጃ ተብሎ አይገዛም” አለና እሷንም መደቡ ላይ ጣላት።

የንስሐ አባታችን አባ፣ ጸሎት ሊያደርሱ መጥተው፣ እሳቸውም ተቀላቀሉ። ቆብ ካደረጉ ጀምሮ ለሥዕል የሚጠጉት ለመሳለም ብቻ ነው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው አጎንብሰው አዩ።

“ምን ትበላለች?”

“ከሰል ነው አሉ አባ።”

“ምን ትጠጣለች?”

“ውሃ።”

“ሥጋ? ወተት? ቅቤ?”

“ምንም አባ።”

አባ ቀና አሉ። “እንግዲያማ ጾመኛ ናት። ከሰውየው ትሻላለች።” ባለሁለት ራሷን ሲያዩ ደግሞ አማተቡ። “ይቺን ተዪያት ልጄ፤ አንዱም ራስ ስንት ያስታል።”

እንግዲህ ምክር እንዲህ ነው፤ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል፣ ለተቸገረ ግን አይደርስም። እናቴ ብቻ ምንም አልመከረችም። “የፈለግሻትን ምረጪ፤ ብቻ ቶሎ ጀምሪ። ፋሲካ አይጠብቅሽም” አለች፤ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

እኔ የመረጥሁት በሌላ ነገር ነው። ስፌት የሰፋ ያውቀዋል፤ ስንደዶው እየዞረ፣ አክርማው እየተጠመጠመበት ነው ሥራው የሚያድገው። በስፌት ላይ ቀጥ ያለ ነገር የለም። ዶሮም ብትሰፊ ትጠመዘዛለች፣ መስቀልም ብትሰፊ ይጎብጣል። ረዥሟን ብሰፋት ወገቧ የተሰበረ ትመስላለች። ትንሿ ግን አስቀድማ ተጠምዝዛ ቆማለች፤ ለሙዳይ ክዳን የተሠራች ነው የምትመስለው። ይህ ለሰው የምናገረው ምክንያት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እንዳየኋት ወደድኋት። ለማንም አልነገርሁም፤ ሰው ብወድም አልናገር፣ እንኳን ባቡር።

ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። እኔ የወደድሁትን ነገር ሰው ወዶት ያውቃል? ልጅ ሳለሁ የመረጥኋት ጫጩት ሁሉ ጭልፊት የሚወስዳት ነበረች። ስለዚህ ሥዕሏን አልጋው ሥር ደብቄ፣ ባለአጥሯን አንሥቼ፣ እሷን ደብቄ፣ የተጫነችውን አንሥቼ ብዙ ዋልሁ። በመጨረሻ ትንሿን ልጀምር ብዬ አልጋው ሥር እጄን ብሰድ የለችም።

ጋሼ ወስዷታል። በቅሎ ተራ።

ሲመለስ ከሩቁ ይስቃል። “ደስ ይበልሽ! ገበያው በሙሉ አያት። የሞጣ ነጋዴ አለ፣ የቢቸና ነጋዴ አለ፣ አንድም የነቀፋት የለም። አንዱማ በቅሎዬን ልስጥህ፣ ይቺን አምጣልኝ ብሎኝ ነበር!”

ሥዕሏን ተቀበልኋት። እርጥብ ናት። ከጭሷ ጫፍ እስከ እግሯ ውሃ የነከሩት ጨርቅ መስላለች።

“ጋሼ፣ ምን ሆነች?”

“ምን ትሆናለች? ወደዷት እንጂ!”

እኛ ዘንድ መልካም ነገር ዝም ተብሎ አይታይም። ልጅም ቢሆን ጥጃም ቢሆን፣ ያማረ ነገር ያየ ሰው ዓይኑ እንዳይጎዳው እንትፍ ይልበታል። የሚተፋው ለወጉ ያህል ነው፤ በቅሎ ነጋዴ ግን ትንባሆ ያኝካል፣ ለወጉ ብቻ ብሎ ነገር አያውቅም። የካፒቴኑን ሥዕል የሞጣም የቢቸናም ነጋዴ ተራ በተራ መርቋታል።

ፀሐይ ላይ አሰጣኋትና ዳርና ዳሯን በድንጋይ ያዝሁት። ስትደርቅ ድንጋዩን እየገፋች እንደ ኮባ ቅጠል ተጠቀለለች፤ ጭሷም ተልጦ ከድንጋዩ ጋር ቀረ። አሁን እንግዲህ የካፒቴኑን ባቡር ያበላሸሁ፣ ወንድሜም በእሱ እጅ ያለ ሰው ነኝ። ሌላ ባቡር ብመርጥ እንኳ ይቺን መመለሴ አይቀርም። ይልቅስ እሷኑ አሳምሬ ልስፋትና በስፌቱ ይቅር ይበለኝ አልሁ።

ሰፋሁ። ወስፌው ጣቴን ወጋኝ፣ ሰፋሁ። አክርማውን በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በጥቁር ነክሬ፣ ጭሷን ሳልነክር በነጩ አድርጌ ሰፋሁ። ጋሼ በየቀኑ ብቅ እያለ “ማርዳ አድርጊላት፤ ጥሩ በቅሎ አንገቷ ባዶ አይወጣም” ይለኛል፤ እምቢ ብለው እስከ በሩ ወጥቶ ተመልሶ “ማርዳ” ይላል። በመጨረሻ ነገር ለማሳጠር አንገቷ ላይ ቢጫ ማርዳ ጣል አደረግሁ። ምን ላድርግ? እምቢ ማለት የማልችል ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ሁለቴ እምቢ ማለቴም ለእኔ ጀግንነት ነው።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ጎረቤት ሴቶች ሊያዩ ገቡ። አንዷ አየችና “ምን ታስቀይም!” አለች። ሁለተኛዋ “ኧረ ይቺስ የጅብ መልክ ናት” አለች። ያን ጊዜ እንዳማረች አወቅሁ፤ እኛ ዘንድ ቆንጆ ልጅ የሚመሰገነው በስድብ ነው። እኔ ደስ ሲለኝ እናቴ ግን ደነገጠች።

“ሰው ሁሉ አስቀያሚ አላት። ይህን ያህል አምራ፣ በስንት ወታደር ፊት አልፋ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ባዶ ግንባሯን?”

“እማዬ፣ እባክሽ ተዪያት።”

“አንቺንም ወንድምሽንም ግንባራችሁ ላይ ጥላሸት ሳልቀባ ከደጅ አውጥቼ አላውቅም።”

“ካፒቴኑ ቆሻሻ ይመስለዋል!”

“ለእናቱ አይደል? እናቱ ታውቃለች” አለችና፣ ሙዳዩን ከጉያዬ ሳልሸሽገው ጣቷን ከድስቱ ቂጥ አንሥታ የባቡሯ ግንባር ላይ ጥብቅ አድርጋ አሳረፈችው።

ጮኽሁ። እናቴ ድምፄ ይህን ያህል መሆኑን ያወቀችው ያን ዕለት ይመስለኛል። በውሃ ባጥበው ወደ አፍንጫዋ ወረደ። በእንዶድ ባሸው ወደ ማርዳው ተዛመተ። በመጨረሻ ባቡሯ ጥላሸት የተቀባች ሳትሆን፣ ምድጃ ውስጥ ወድቃ የወጣች መሰለች። ሌላ ለመስፋት ጊዜ የለም፤ ሆሣዕና ነገ ነው።

ምሽጉ ደረስሁ። የተጠቀለለችውን ሥዕል ነጠላዬ ውስጥ ደብቄያታለሁ። ካፒቴኑ ሙዳዩን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው። አፍንጫው ክዳኑን እስኪነካ ተጠጋ። በአንዱ ዓይኑ እግሮቿን ሲያይ በሌላው ጭሷን ያያል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸውራራነቱ ጠቀመው አልሁ። ፈገግ አለ። ወዲያው ጣቱ ግንባሯ ላይ ቆመ። ፈገግታውም ቆመ።

“ይህ ምንድን ነው ይላል” አለ አስተርጓሚው። ከዚያ በራሱ ድምፅ ጨመረ፣ “በእግዚአብሔር፣ ምንድን ነው?”

ወለሉን አየሁ። ወለሉ ምንም አልመከረኝም። ካሚዮኑ ታየኝ፤ ወንድሜ ካሚዮኑ ላይ ቆሞ ታየኝ። ከዚያ አፌ ተከፈተ።

“በእኛ አገር ያማረ ልጅ ግንባሩ ላይ ጥላሸት ይቀባል። ክፉ ዓይን ያለው ሰው ሲያይ ዓይኑ ጥላሸቱ ላይ ያርፋል፤ ልጁ ይተርፋል። ለእናትዎ ረዥም መንገድ ስለምትሄድ ነው። እናቴ ናት የቀባቻት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሳጥበው ነው የተዛመተው።”

“ይህን ሁሉ ልበለው?”

“ይበሉት።”

አለው። ካፒቴኑ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ። ሊገርፈኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ከአንገቱ በክር የታሰረች ጣት የማታህል ቀይ ቀንድ አውጥቶ ይዟል።

“እናቱ ናቸው ያሰሩለት” አለ አስተርጓሚው፤ “ይላል” ማለትን እስኪረሳ ገርሞት ነበር። “ለዓይን ነው። እነሱም አገር አለ።”

ካፒቴኑ ወዲያው እጁን ዘረጋ። ሥዕሎቹን ነው። ሦስቱን ሰጠሁ። እጁ አልታጠፈም። አራተኛዋን ከነጠላዬ አወጣሁ፤ ተጠቅልላ፣ ጭሷን ጥላ።

“ምን ነካት ይላል።”

ጾም ነው፤ አባ ፊትም ንስሐ ይጠብቀኛል። “ምራቅ ነው” አልሁ።

አስተርጓሚው ትክ ብሎ አየኝ። “ይህንንስ አልተረጉምም” አለና ወደ ካፒቴኑ ዞሮ አንዲት አጭር ቃል ተናገረ፤ ዝናብ ማለት ሳይሆን አይቀርም፣ ምክንያቱም ካፒቴኑ በመስኮቱ ሰማዩን አየ። ሰማዩ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልጣለም። ሙዳዩን መልሶ አየ፣ ሰማዩን መልሶ አየ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፤ አንድ ወታደር ወጥቶ ሄደ። የት እንደሄደ የነገረኝ የለም። ቆሜ ጠበቅሁ። ጅራፍ ሊያመጣ ይሆናል፤ ሰንሰለት ሊያመጣ ይሆናል።

ወንድሜን ይዞ መጣ። ጢሙ አድጎ፣ ትከሻው ከልብሱ ሸሽቶ። አላቀፈኝም፤ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ባለው ሙዳይ ላይ ተተክሏል። በግቢው አለፍን። በሩ ጋ ስንደርስ ነው አፉን የፈታው።

“ባለሁለት ራሷን ነበር መስፋት።”

“ምን?”

“ቢሮውን የምጠርገው እኔ ነበርሁ። ሁልጊዜ እሷን ነበር የማያት። እሷ ዙሪ አትባልም፤ የትም ቢወስዷት አንዱ ፊቷ ወደ ቤት ነው።”

ልሳቅም ላልቅስም ስል በሩ ተከፈተ። እናቶቹ እንደ ወትሮው ተሰልፈዋል። ሲያዩን እልል ይላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አንድም አላለችም። ሁሉም የሚያዩት ወንድሜን ነው፤ ከእሱ ኋላ ሌላ የሚወጣ እንዳለ ደግሞ በሩን ያያሉ። በሩ ተዘጋ።

ሁልጊዜ ከፊቴ የምትሰለፍ፣ አንድ ልጇ ውስጥ ያለባት እናት ከሰልፉ ወጥታ የነጠላዬን ጫፍ ያዘች። ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

“ልጄ፣ ያቺ ባቡር እግሯ ስንት ነው? ንገሪኝ፤ እኔም ወስፌ አለኝ።”